የገመቹ ባት

ባለፈው ሳምንት ሲፈን ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ሲፈን የሟቹ ጓደኛዬ የገመቹና የሚስቱ የሌሊሴ ልጅ ናት፤ ልጇ ኦብሳ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ልጁ ጭቃ የያዘ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ከድመታችን ጋር ሲጫወት ቆየና እናቱ ስትጠራው ተነሣ። አነሣሡን አየሁት። መጀመሪያ ሁለት እጆቹን ወለሉ ላይ ተከለ። ወገቡን ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ አንዱን እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ጭኑ ላይ እያደረገ፣ የራሱን እግር እንደ መሰላል እየወጣ ቀጥ አለ። ቁምጣ ነው የለበሰው፤ ባቶቹ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባት የማይመስሉ ናቸው። የያዝሁትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«የዘረመል ምርመራው ውጤት መጣ፣ ጋሼ» አለች ሲፈን፣ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት እያወጣች። ደሙ ከአዲስ አበባ ውጭ አገር ተልኮ ነው የተመረመረው፤ ወራት ፈጅቷል። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ፊደልና ቁጥር ተቀላቅሎ የተደረደረበት ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርሁት ሰውዬ አንዲት መስመር አልገባኝም። ሐኪሙ ለሷ እንዳስረዳት አስረዳችኝ። በሰው ገላ ውስጥ የገላውን ሥራ ሁሉ የሚያዝ ጽሑፍ አለ፤ ጡንቻን ስለሚጠብቀው ነገር የተጻፈው ክፍል ደግሞ እጅግ ረጅም ነው። የኦብሳን ሲያነቡት ከመካከሉ ጥቂት ገጾች ጎድለው ተገኙ። ደግነቱ የቀረው ተያይዞ ይነበባል፤ ስለዚህ ጡንቻው ይሠራል፣ ግን አይበረክትም። ጉድለቱ ከአያቱ ከገመቹ ወደ ሲፈን፣ ከሲፈን ወደ ልጁ ወረደ። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ተሸክመውት ያልፋሉ፤ የሚጥለው ወንዶቹን ነው።

«ባቱስ? ይሄ ሁሉ ጡንቻ?» አልሁ።

«ጡንቻ አይደለም አለኝ። ጡንቻው ሲሞት ቦታውን ስብ እየያዘው ነው የሚወፍረው።»

በወጣትነቴ ሌት ተቀን የቀናሁበት ነገር በሽታው ራሱ እንደነበረ አሁን ገና መስማቴ ነው።

ሲፈን የመጣችበትን ነገረችኝ። ወረቀቱ የጎደለውን ይናገራል እንጂ ልጁ ስንት ዓመት በእግሩ እንደሚሄድ አይናገርም። ለዚህ የሚረዳው ያው ጉድለት የነበረበት ሰው ታሪክ ነው። ገመቹ በልጅነቱ እንዴት ነበር? መውደቅ የጀመረው መቼ ነው? «እማዬን ስጠይቃት፣ 'እኔ ደህና አድርጌ የማውቀው ከውትድርና ማሰልጠኛ ከተመለሰ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ወልዴን ጠይቂ፣ አብሮት ያደገው እሱ ነው' አለችኝ።»

«ነገ እናንተ ቤት እመጣለሁ፤ ለእናትሽም ለአንቺም እነግራችኋለሁ» አልኋት። እሷ አመስግናኝ ወጣች። እኔ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

አባቴ ከጉራጌ አገር ነቀምቴ የመጣው በጎረምሳነቱ ነው። ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል፣ በረንዳው ላይ ደግሞ በእግር በሚነዳ ሲንጀር ይሰፋል። ከሱቃችን ጀርባ የአዴ ጫልቱ ቤት ነው። አዴ ጫልቱ ቢላ ከምትባል ከተማ ተድራ የመጣች፣ ባሏ ገና በወጣትነቷ የሞተባት፣ ገመቹን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። እኔና ገመቹ በአጥሩ ቀዳዳ እየተሽሎከለክን ነው ያደግነው። ኦሮምኛ ከሱ ተማርሁ፤ እሱ በጉራግኛ መሳደብ ከኔ ተማረ።

ባቱ ከትንሽነቱ ጀምሮ ትልቅ ነበር። መምህራን «እግር ማለት ይሄ ነው» እያሉ ለሌላው ያሳዩታል፤ ገበያተኛው በአጠገቡ ሲያልፍ ዞሮ ያየዋል። የኔ እግር ደግሞ የሸምበቆ ያህል ነው። ሰው እንዲህ ያለ ባት ያበቀለው በአንጮቴ ነው ይላል። አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ቅቤ ፈስሶበት ይበላል፤ አጥንት ይጠግናል ተብሎም ይታመናል። አዴ ጫልቱ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትቀቅልለታለች። እኔም በሰበብ አስባቡ በምሳ ሰዓት እዚያ ቤት ከተፍ እላለሁ። «ብላ ወልዴ፣ ብላ፣ ሚላህ ይጥናልህ» ትለኛለች፣ እግርህ ይጠንክር ማለቷ ነው። ጠግቤ ወደ ቤት ስመለስ ባቴን በአባቴ ሜትር እለካለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ለካሁ። ጭረት አልጨመረም።

ቅናት ዓይን ይስላል። ገመቹን እንደኔ አጥብቆ ያየ ሰው ነቀምቴ ውስጥ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አራተኛ ክፍል ሳለን፣ ባንዲራ ሊሰቀል ሲል ሁላችንም ከመሬት ብድግ ስንል፣ እሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚነሣው፤ የአጠገቡን ልጅ ትከሻ ይዞ። እኔ ኩራት ነው ብዬ አስብ ነበር። ከገበያው ወደ ቤታችን በሚወስደው ዳገት ላይ እጁን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ይህንንም መንጠባረር ነው ብዬ አለፍሁት። እግሩ ሊከዳው ይችላል ብሎ ማን ይገምታል?

ሌሊሴ ስትመጣ ነገሩ ባሰ። የመምህር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከጊምቢ ተዛውሮ እኛ ሰፈር ተከራየ። ጠይም፣ ፈጣን፣ ሰው ፊት የማትሽኮረመም ልጅ ናት። ወደ ሱቃችን ክር ልትገዛ ስትመጣ ክሩን ከፈለገችው በላይ እሰጣታለሁ። እሷ ግን ክሯን ይዛ በጓሮ ዞራ ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ነው የምትሄደው። ሳቋ ከአጥሩ ወዲያ ሲሰማኝ የጓሮውን በር እዘጋ ነበር። ገመቹ አንድም ቀን ስለሷ አልፎከረብኝም፤ ያ ደግሞ ይብስ ያናድደኝ ነበር።

አሁን ከነቀምቴ ወደ ምሥራቅ ወዳለችው ወደ ሲሬ ከተማ የሄድንበት ቀን ላይ ልምጣ። መስከረም ነው፤ ሜዳው ቢጫ በቢጫ ሆኗል፤ በየመንገዱ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። ዕድሜያችን አሥራ ዘጠኝ ደርሷል። የሰፈራችን የኳስ ቡድን ከሲሬ ልጆች ጋር ሊጫወት በጭነት ፊያት ተሳፍረን ሄድን፤ ደጋፊዎችም አብረውን ተሳፈሩ፣ ሌሊሴም ከነሱ ጋር። ገመቹ የኋላ ተከላካይ ነው። ብዙ አይሮጥም፤ ኳሷ ወደሱ ስትመጣ ቆሞ በዚያ እግሩ ይለጋታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። እኔ በክንፍ ነኝ።

ያን ቀን አንድ ሞኝነት ሠራሁ። አባቴ ለአብዮት በዓል ለቀበሌው ቀይ ባንዲራ ይሰፋ ነበር፤ ከቤት ስወጣ የቀይ ጨርቅ ቁርጥራጭ ሰብስቤ ካልሲዬ ውስጥ ባቴ ላይ ጠቀጠቅሁት። በመስታወት ሳየው አማረልኝ። ሜዳ ላይ ሩብ ሰዓት እንደሮጥሁ ጨርቁ ተፈታ፤ ከካልሲዬ ሾልኮ ወጥቶ ከኋላዬ ይጎተት ጀመር። እኔ ሳላውቅ ኳስ እየገፋሁ ነው። «ወልዴ፣ አንጀትህ ወጣ» አለ አንዱ። የሲሬ ልጆች መሬት ላይ ተንከባለሉ። ዞር ብዬ ሌሊሴን አየኋት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ገመቹ ብቻ ነው ሳይስቅ መጥቶ ጨርቁን ከእግሬ ሥር የሰበሰበልኝ። ለዚህም ጠላሁት።

ስንመለስ ሾፌሩ በቆሎ የሚጠበስበት ቦታ ላይ መኪናውን አቆመ። ሁሉም ወርዶ ወደ ጠባሾቹ ሄደ። እኔ እፍረቴን ይዤ በመኪናው ማዶ፣ ሰው በሌለበት በኩል ጎማ ተደግፌ ቁጭ አልሁ። ገመቹ መጨረሻ በዚያው በኔ በኩል ዘለለ። እግሩ መሬት ሲነካ ጉልበቱ እንደ ጨርቅ ታጠፈና መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ወደቀ። ብድግ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተነሣም። ከዚያ እጆቹን ጭቃው ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አንሥቶ፣ በጉልበቱና በጭኑ ላይ እየተንጠላጠለ፣ ፊቱ በላብ ርሶ ተነሣ። ላግዘው ይገባኝ ነበር። ቀና ሲል ፊቴን ወደ ጎማው አዞርሁ። ወዲያው ሌሊሴ ሁለት በቆሎ ይዛ መጣች፤ አንዱን ለሱ ሰጠችው፣ አንዱን ራሷ ገመጠች። የጥብሱ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ከወር በኋላ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ መጣ። የኔ ታላቅ ወንድም ቀድሞ ዘምቶ ስለነበር እኔን የጠየቀኝ የለም። የገመቹ ስም ግን ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ቅሬታ ያለው በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቆርቆሮው ሥር ሰው ጢም ብሏል። ሌሊሴ ከኋላ፣ ከአዴ ጫልቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

ገመቹ ቆሞ፣ «እግሬ ይከዳኛል፤ ዳገት አልችልም፣ መሮጥም አልችልም» አለ።

«ሱሪህን እስቲ ሰብስበው፣ ጓድ» አለ ሊቀመንበሩ። ገመቹ እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። «እንዲህ ያለ እግር ታመመ ከተባለ እኛማ ተቀብረናል» አለ ሊቀመንበሩ።

አዴ ጫልቱ ተነሣች። «ማሎ ስሙኝ፣ እባካችሁ። ቢላ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ፣ የዚህ ልጅ ኤሱማ፣ እግሩ ልክ እንዲህ ነበር። ሠላሳ ዓመቱ ላይ ተቀመጠ፣ ይኸው እስካሁን አልተነሣም። ይሄም ልጅ እንደ አጎቱ ሊሆንብኝ ነው።» ኤሱማ የእናት ወንድም ነው።

ከኮሚቴው መካከል ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሰፈሩን ሰው ዘር ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ጋብቻ ሲታሰብ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ገመቹ ዋቅጅራ፣ ዋቅጅራ ጉደታ፣ እያሉ እስከ ሰባት አባት ደረሱ። «ከነዚህ አንድም ቁጭ ያለ የለም። ሁሉም እስኪሞቱ በእግራቸው ሄደዋል። ሰው በአባቱ ነው፣ አዴ፤ ኤሱማ እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሁላችንም የምንቆጥረው እንዲሁ ስለነበር ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ፤ አዴ ጫልቱም ተመልሳ ተቀመጠች። ሰባት አባት ሲቆጠር አንዲት እናት የቆጠረ አልነበረም። ነገሩ ግን በእናት በኩል ነበር የመጣው።

ሊቀመንበሩ ሰውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ከሱ አትለይም። ሲወድቅ አይተህ ታውቃለህ?»

ተነሣሁ። ገመቹ ሱሪውን እንደሰበሰበ ቆሞ ያየኛል። አያስጠነቅቀኝም፣ አይለምነኝም። ከኋላው ሌሊሴን አየኋት። እጇን አዴ ጫልቱ ጉልበት ላይ አድርጋለች፣ እንደ ምራት። ያ እጅ ነው ያበላሸኝ።

«ኳስ ሜዳ ላይ የማይወድቅ ማን አለ?» አልሁ።

ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ገመቹ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ወደ ታች መለሰ። ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅርታ ባደረግሁ ነበር፤ በዚያ ዘመን ያልፈራ የለም። እኔ ግን የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። ቀንቼ ነው።

ገመቹ በተወሰደ በሳምንቱ አዲስ ሸሚዝ ሰፋሁ። እሱ ከሌለ ሌሊሴ ወደኔ ዘወር ትላለች ብዬ ማሰቤን አልደብቅም። ክር ልትገዛ ስትመጣ ወንበር አቀርብላታለሁ። እሷ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደብዳቤ መጣ?» የገመቹ ደብዳቤ የሚመጣው በአባቴ የፖስታ ሳጥን ነበር። ሲመጣ እሰጣታለሁ፤ እዚያው ቆማ ታነበዋለች፤ እኔ መቀሱን ይዤ ጨርቅ የምቆርጥ መስዬ ፊቷን አያለሁ። የሰው ፊት በወረቀት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

በአራተኛው ወር ተመለሰ። ሩጫ ላይ ሲወድቅ፣ በዚያ እግሩ ማን ያምነዋል፣ አስመስሎ ነው እየተባለ ተቀጥቶ ነበር። በኋላ አንድ ሐኪም አይቶት «ይህ ልጅ ለዚህ አይሆንም» ብሎ ወረቀት ጻፈለት። ከአውቶቡስ ሲወርድ በትር ይዞ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ማሰልጠኛው ነው እግሩን የሰበረው አለ። እኔም እንደዚያ አልሁ፤ እንደዚያ ማለት ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሌሊሴን አገባት። ሚዜ ሁን አለኝ፤ እንቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። የሠርጉ ዕለት ከወንበሩ በተነሣ ቁጥር ክንዴን በብብቱ ሥር አሳልፌ ቀስ ብዬ አነሣው ነበር፤ ሚዜ ሙሽራውን ደግፎ ቢያስነሣ ወጉ ነው ብሎ ማንም ልብ አላለም። እሷ በሌላው ጎኑ ነጭ ለብሳ ቆማለች። ገላው ክንዴ ላይ ሲከብደኝ፣ ቅናቴም አብሮ ይከብደኝ ነበር። እስከ አርባ አራት ዓመቱ ድረስ በእግሩ ሄደ፤ ከዚያ ተቀመጠ፤ በሃምሳ ዓመቱ ልቡ ደክሞ ሞተ። እኔ ሌላ ሴት አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ደስ ብሎኝ ኖርሁ። ቢሆንም እነሱ ቤት ገብቼ ስወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እዚሁ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድሁ። ሌሊሴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የተቀቀለ አንጮቴ ትልጣለች። «አካም ቡልቴ፣ ወልዴ» አለችኝ፤ እንዴት አደርህ ነው። ሲፈን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ወጣች። ሁሉንም ነገርኋቸው። በኦብሳ ዕድሜ ከመሬት መጨረሻ የሚነሣው እሱ እንደነበር፣ የሰው ትከሻ ይይዝ እንደነበር፣ ዳገት ላይ እጁን ጭኑ ላይ ያደርግ እንደነበር ተናገርሁ። ሲሬ መንገድ ላይ ስለሆነውም ነገርኋቸው። «ቀበሌው ሲጠይቀኝ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር» አልሁ በመጨረሻ።

ሲፈን የመጨረሻውን የሰማችው አልመሰለኝም። እየጻፈች ትቆጥራለች። «እንግዲህ አባዬ በዘጠኝ በአሥር ዓመቱ ልክ እንደ ኦብሳ ነበር ማለት ነው። እስከ አርባ አራት ግን በእግሩ ሄዷል» አለች። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ለሐኪሙ ልትደውል ወደ ውስጥ ገባች።

ሌሊሴ ቢላዋዋን አላቆመችም። «ገመቹ ነግሮኝ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሲሬ መንገድ ላይ እንዳየኸው። ፊትህን ስታዞር አይቶሃል።»

«መቼ ነገረሽ?»

«ከሠርጋችን በፊት። ሌላ ሚዜ ፈልግ፣ እሱን ዓይኑን ማየት አልፈልግም ብዬው ነበር። 'ለኪ፣ አይሆንም፤ ወልዴ ይሁን' አለኝ። 'ስነሣ ያየኝ እሱ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚያስነሣኝ ያውቃል' አለኝ።»

አንጮቴውን ቆርጣ በሳህን ሰጠችኝ። ተቀብዬ በላሁት። ኦብሳ ከደረጃው ላይ ሊነሣ እጆቹን መሬት ላይ ሲተክል አየሁና ሄጄ ክንዴን በብብቱ ሥር አሳልፌ ቀስ ብዬ አነሣሁት። ልጁ እንደ ልማዱ አድርጎ ተደገፈኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ዳገቱን ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። በባቱ ቀንቼበታለሁ፣ በሚስቱ ቀንቼበታለሁ፤ ይኸው በስልሳ ዓመቴ፣ እሱ ከሞተ በኋላ፣ በልቡ ቀናሁበት። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ሌላ ሚዜ ነበር የምፈልገው።